ኮቴ ኪስ ውስጥ ስለ ከረመው ቅጽ

ለተከበረው የሙከራ መድኃኒት ፈቃድ ኮሚቴ፣

ክቡራን ሆይ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከደብረ ማርቆስ ሆኜ እግዚአብሔር ጤናን አብዝቶ እንዲሰጣችሁ እለምናለሁ፤ አደራ እንዳትታመሙ፣ ከታመማችሁ ጉዳያችሁ የሚቀርበው ለእናንተው ነውና።

መምህር አንለይ እባላለሁ። ሉማሜ ላይ ሻይ ሸጣ ያስተማረችኝ እህቴ ሙሉዬ ጉበቷ ላይ ካንሰር ወጥቶባት የሚታወቀው መድኃኒት ሁሉ ስላልበጃት፣ ሐኪሟ ገና በሙከራ ላይ ያለ አንድ መድኃኒት ከእናንተ እንድንጠይቅ መክሮን ነበር። ስለተደረገልን መስተንግዶ ከዚህ በታች በትሕትና አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ በጥር መባቻ ላስገባሁት ማመልከቻ በመጋቢት አጋማሽ መልስ ስለሰጣችሁኝ። ሐኪሟ ከአራት ወር በላይ እንደማትቆይ ጽፎላችሁ ነበር፤ ከዚያ ላይ ሁለት ወር ተኩሉን ለእናንተ መለገሷ የእህቴን ቸርነት ያሳያል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ጤናዋን እንዳይጎዳው ስለተጨነቃችሁ። ጤና ቢኖራት ኖሮ በእርግጥ ይጎዳው ነበር።

ሦስተኛው ከፈቃዳችሁ ጋር የላካችሁልኝ፣ ሳይፈረም መድኃኒቱ የማይሰጥበት ቅጽ ነው። በሽታዋ እንደማይድን ተነግሯት ማወቋን አረጋግጣ ራሷ እንድትፈርም ያዛል። ክቡራን፣ ምነው፣ አገሩን አታውቁትም? እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ለታማሚ አይነገርም። ለሙሉዬ ጨጓራ ነው ብያት ነበር፤ ጎረቤቱንም የንስሐ አባቷንም በአደራ አፋቸውን አስይዣለሁ። እንግዲህ ያንን ወረቀት በምን አንጀቴ ፊቷ ልዘርጋው?

አልዘረጋሁትም። አንድ ጊዜ አንብቤ፣ አጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ዳግም አላወጣሁትም። አጎታችን ይስማው በደወለ ቁጥር ኮሚቴው ገና አልፈቀደም እያልኩ እናንተን አሳጣኋችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሉማሜ እሄዳለሁ፤ እሷ የመንገዱን አቧራ አራግፋ ኮቴን ትሰቅልልኛለች፤ ጨጓራዋን እጠይቃታለሁ፣ ደኅና ነው ትለኛለች። ሠላሳ አራት ቀን እንዲህ ሆነን ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ አረፈች።

ይህ ደብዳቤ ክስ ሊሆን ነበር። የእናንተን ቀን ቆጥሬ ስጨርስ ግን የራሴ መጣብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ተማሪ አስተምራለሁ፤ የሰው በሽታ የደበቀውን ግን ምን እንደሚሉት እንጃ። መድኃኒቱ ያድናት እንደነበር አላውቅም። ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ የምትለው እሷ ነበረች፣ እኔ አፏን ዘጋሁባት። ወይ ነዶ! ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጥፋቱን የሚያላክክበት አካል በማግኘቱ ዘወትር ባለውለታችሁ የሆነው፣
መምህር አንለይ፣ ከደብረ ማርቆስ

ይድረስ ካልኩ በኋላ የመጣ፦ ከአርባዋ ማግስት ኮቴን ለማሳጠብ ኪሱን ስፈትሽ ቅጹ ወጣ፤ ተፈርሞበታል። እኔው ያስተማርኳት ጎባጣ ፊደል ነው፤ ቀኑ መጋቢት አሥራ ስምንት ይላል፣ ቅጹ በመጣልኝ በመጀመሪያው ቅዳሜ። ከዚያ ወዲያ በነበሩት አራት ቅዳሜዎች ለምን ዓይን ዓይኔን ታየኝ እንደነበር አሁን ገባኝ። ጊዜው ስላለፈበት እንደማትቀበሉት ባውቅም ለመዝገባችሁ አያይዤዋለሁ፤ ከፊርማዋ ሥር ያለውን ግን እንዳታነቡት፣ የተጻፈው ለእኔ ነው። «አንለይ፣ ጨጓራዬ ደኅና ነው። ይህን አድርስልኝ» ይላል።