እማዬ ደጅ የተደፋው ጠጠር

ለውድ እህቴ ለእትዬ ግሌንዳ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ማሰሪያ ታደርጊያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ከተሽዋል? ባለቤትሽ ቬርነን ከባሕር በደህና ተመለሰ? ልጅሽ ካሪሳና ሕፃኗስ? እዚያ አላስካ በዚህ ወር ፀሐይ ብቅ ብላ ወዲያው እንደምትጠልቅ ስለማውቅ ሐሳቤ ከእናንተ አይለይም። እኔ በአካል ደህና ነኝ። በመንፈስም ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆናል፤ ለአንቺ ደግሞ ዋሽቼ አላውቅም። እማዬ አለች፤ ትንሽ ትንሽ ትበላለች፣ ብዙ ትቆጣለች።

በስልክ ሁለት ጊዜ «የእማዬ ስም ሲነሳ ድምፅህ ለምን ይደርቃል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ሁለቱንም ጊዜ ወሬ ቀየርኩብሽ። በስልክ ብነግርሽ እጮኻለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ስትጨርሺ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን የካውንቲውን የመንገድ ሥራ በጃንዋሪ ትቼ ለአስተዳዳሪነት የተወዳደርኩት በአንድ ነገር ምክንያት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ወደ ሸለቆአችን የሚያስገባው ድልድይ ነው። ከአምስት ቶን በላይ እንዳያልፍበት ምልክቱን የተከልኩት ራሴ ነኝ። የተማሪዎቹ አውቶቡስ በላዩ ማለፍ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ልጆቹ ድልድዩ አፍ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። ለአስተዳዳሪው ለሆባርት ስትሪንገር አራት ሪፖርት ጽፌ፣ የዛገውን ብረት ፎቶግራፍ አያይዤ ሰጥቼዋለሁ። አራቱንም እያመሰገነ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ አስተኛቸው። ሰውዬው በቃላት የሚያሸንፉት ዓይነት ስላልሆነ በድምፅ ላሸንፈው ተነሳሁ።

ምርጫ መወዳደር አልችልበትም። ይህን አሁን ስጽፈው ቀላል ነው፣ በማርች ግን ማንም ቢነግረኝ አልሰማም ነበር። ሪፖርቴን ተሸክሜ ከቤት ቤት ዞርኩ። ሰዎቹ በትሕትና ፎቶግራፉን አዩልኝ፣ የፖም ፓይ ቆርሰው አቀረቡልኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። እኔ ስለ ብረት ድካም፣ ጭነት ሲደጋገምበት እንዴት እንደሚሰነጠቅ አስረዳኋቸው። አንድ ቀን ነዳጅ ማደያው ጋ ቡና ከሚጠጡት መሐል አልቨን ሆግ፣ የእማዬ ጎረቤት፣ «ራንዳል፣ አንተ እኮ ድምፅ አትለምንም፤ ፈተና ነው የምትፈትነን» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ሌላው ደግሞ «እኔ ባለፈው ወድቄያለሁ፣ ድጋሚ ይሰጠኛል?» ብሎ ጨመረበት። እኔም ከንፈሬን ፈገግ አድርጌ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። መስማት የነበረብኝን ነገር በቀልድ መልክ ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማሁም።

ኤፕሪል ሲገባ የጠጠሩ ወቅት መጣ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ ምርጫ ሲቃረብ የካውንቲው ገልባጭ መኪናዎች በሰው ግቢ መግቢያ ላይ ድምፅ ለመግዛት በነጻ ጠጠር ይደፋሉ፤ ሕጉ ይከለክላል፤ ማንም አይከሰስም። ዘንድሮ ግን ገልባጮቹ ወደ ሸለቆአችን ገቡ። አምስት ቶን ብዬ በጻፍኩበት ድልድይ ላይ ከሃያ ቶን የማያንሱ መኪናዎች ሙሉ ጭነታቸውን ይዘው ሲያልፉ ዳር ቆሜ አየሁ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። አሥራ አንድ ጊዜ አለፉ። የእያንዳንዳቸውን ታርጋና ሰዓት መዘገብኩ። ለክልሉ መንግሥት አቤቱታ ጻፍኩ። መልሱ በጁላይ መጣ፤ ደብዳቤዬ እንደደረሳቸው ይገልጻል።

ጠጠሩ ከተደፋባቸው ደጆች አንዱ የእማዬ ነበር። አይቻለሁ።  እናቴ ናት፣ ጠጠር አይገዛትም ብዬ አለፍኩት።

ሜይ አሥራ ሰባት በፓርቲያችን ምርጫ በሃያ ሁለት ድምፅ ተሸነፍኩ። ከእኛ ሸለቆ ስልሳ ሦስት ሰው መርጦ ለእኔ የሰጡት አሥራ አራቱ ብቻ ናቸው። ተወልጄ ያደግኩበት፣ ልጆቻቸው ለሚሄዱበት ድልድይ ብዬ ሥራዬን የለቀቅኩበት ሸለቆ ነው እንግዲህ። የውጤቱን ወረቀት ይዤ ለብዙ ቀናት ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ አልቨንን ሄጄ ጠየቅኩት። ባርኔጣውን አዟዟረ፤ ከዚያ «እናትህን እማማ ኦርፋን እንኳ አልጠየቅክም አሉ» አለኝ። «ምን አልጠየቅኳትም?» አልኩት። «ድምፅ ነዋ» አለኝ፤ ሞኝ ሰው እንደሚያዩት እያየኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ጋ ሄድኩ። የጓሮ ሰላጣዋን እያጠበች ነበር። አልደበቀችኝም። «ሆባርት በረንዳዬ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ 'እማማ ኦርፋ፣ ድምፅዎን እንዲሰጡኝ ልለምንዎ መጣሁ' አለኝ። እሺ አልኩት። ቃሌን ሰጠሁት። አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችኝ። እናቴ አይደለሽ ወይ አልኳት። «እናትህ መሆኔንማ አልረሳሁም፣ የወለድኩህ እኔ ነኝ። እኔ የምልህ ሌላ ነው» አለችና ሰላጣውን ማራገፏን ቀጠለች። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ እየመጡ ልጅሽ ጠየቀሽ ወይ ብለዋት ነበር። «ምን ልበላቸው? ዋሽቼ ጠይቆኛል ልበል? እናቱን ያልጠየቀ እኛንማ ከምንም አይቆጥረንም እያሉ ሄዱ» አለችኝ።

እትዬ፣ ይህን ልማድ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አባባ የገዛ ወንድሙ ለሸሪፍነት ሲወዳደር እንኳ «ደጄ ድረስ መጥቶ ይጠይቀኝ» ብሎ ሦስት ሳምንት አስጠብቆት የለም? ያኔ ስንስቅ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስወጣ ይህ ነገር ለሌላ ሰው እንጂ ለእኔ አይሠራም የሚል ሐሳብ ይዤ ወጣሁ መሰለኝ። እናትን ድምፅ መለመን እሷን መጠራጠር መሰለኝ። እሷ ደግሞ አለመለመኔን እንደ ንቀት ቆጠረችው። በሆባርት በጣም ተናድጃለሁ፣ በጎረቤቶቹ ተናድጃለሁ፣ በእሷም ተናድጃለሁ፤ ቁጣዬን ሁሉ ዞሬ ስጨርስ ግን የምደርሰው እኔው ጋ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ አልጽፍልሽም ነበር። በኦገስት ድልድዩን የተሸከመው ዋና ብረት ተሰነጠቀ። የክልሉ መርማሪዎች መጥተው በሁለቱም አፍ የሲሚንቶ ግንብ አቁመው ዘጉት። ስንጥቁን ራሴ ወርጄ አየሁት፤ ዝገት ያልነካው አዲስ ስንጥቅ ነው። ከጠጠሩ በፊት አልነበረም። እማዬ ደጅ የተደፋው ጠጠር የእማዬን መንገድ ዘጋው ማለት ነው፤ ከዚህ አጥርቼ ልጽፈው አልችልም።

ሰዉ ግንቡን እየዘለለ በእግሩ ይሻገራል። እማዬ በሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣ በዚያ ባበጠ እግሯ አትችልም። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለኩላሊት እጥበት የምወስዳት በተራራው ላይ ግንድ ጫኞች በቀደዱት መንገድ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ የነበረው መንገድ አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነ፤ ስትደውይላት ቀኑን ሙሉ የማትገኘው ለዚህ ነው። በሴፕቴምበር ዝናብ መንገዱን ቆርጦት አንድ ቀን ቀረባት። ፊቷ እስኪያብጥ ድረስ ውኃ ያዘች፣ መተንፈስ አቃታት። ነርሷ ወደ ጎን ጠርታ በተከታታይ ሁለት ቀን ቢቀርባት ልናጣት እንችላለን አለችኝ። በረዶ ሲጥል ያንን ተራራ የሚጠርግ የለም።

ሌላው ፓርቲ እዚህ ሰው ስለማያቆም፣ ሜይ ላይ የፓርቲያችንን ምርጫ ያሸነፈ በኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ብቻውን እንደሚወዳደር ታውቂያለሽ። ባለፈው ማክሰኞ ከእጥበቱ ስንመለስ እማዬ ሸለቆው አፍ ላይ ወዳለው እሳት አደጋ ጣቢያ ውሰደኝ አለችኝ። ተወዳዳሪ የለውም እኮ፣ ባትመርጪውም ያሸንፋል አልኳት። «ቃሌ አንድ ነው፤ ለሜይ ብቻ አላልኩትም» አለች። ክንዷን ደግፌ እስከ በሩ አደረስኳት። ስትወጣ ኮቷ ላይ «መርጫለሁ» የሚል ወረቀት ለጥፈውላታል። ከደረጃው ላይ ድልድዩና ግንቡ ይታያሉ፤ ከድልድዩ ማዶ የቤታችን ጣሪያ ይታያል። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብተን በተራራው ዞርን። 

ትናንት ከእጥበቱ መልሼ ቤቷ አደረስኳትና መሄዴን ትቼ ተመልሼ በረንዳዋ ላይ ቆምኩ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። «እማዬ፣ የበረዶውን ወራት ከተማ እኔ ቤት እንድታሳልፊ ልለምንሽ መጣሁ» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ከብዶኝ የተናገርኩት ነገር የለም።  ዓይኗ እንባ ያዘ መሰለኝ፤ ከዚያ «እንዲህ ስትጠይቅ ያምርብሃል» አለች። ግን አልመጣም አለችኝ። ሆባርት በፀደይ ድልድዩን እሠራለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። «እኔ ቃሌን ጠብቄለታለሁ፣ እሱም ይጠብቅልኛል። ቤቴን ትቼ ብወጣ አላመንኩህም ማለቴ ነው» አለችኝ።

በክልሉ እስከ 2026 የሚጠገኑት ድልድዮች ዝርዝር ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። የእኛ የለበትም። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ትክክለኛውን ወረቀት እያወጣሁ ሰው ፊት ስዘረጋ ኖሬ፣ ትናንት ማውጣት አቃተኝ። እሺ እማዬ ብዬ ወረድኩ።

እንግዲህ የምጠይቅሽ ይህን ነው። ደውይላት ሳይሆን ነይ። ጉልበትሽ እንደሚያምሽና መንገዱ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ዲሴምበር ሳይጋመስ ነይና ፊቷ ቆመሽ ጠይቂያት። እንደ ታላቅ ልጅ አትዘዣት፣ በሐኪምም አታስፈራሪያት፤ ጠይቂያት። ስለ ድልድዮቹ ዝርዝር መንገር ካለብሽ አንቺ ትነግሪያታለሽ። ከእኔ አፍ ከሰማችው የተሸነፈ ሰው ወሬ ነው የሚመስላት።

ለቬርነን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የላከልኝ የተጨሰ ዓሣ ደርሶኛል፣ ግማሹን ለእማዬ ብሰጣት ጨው አትቅመሺ ብለውኛል ብላ ለአልቨን ሰጠችው። ካሪሳን ሳሚልኝ፣ ሕፃኗንም እንደዚሁ። ልጅሽን ትሬይን ትምህርቱን አጥብቆ እንዲይዝ ንገሪው፤ ሰው መጠየቅንም ይማር። አልቨንና ሚስቱ ሰላም ብለውሻል። እማዬም ለግሌንዳ ስትጽፍ ንገራት ያለችኝ አለ፤ ደህና ነኝ፣ አታስቢ፣ መግቢያዬ ዘንድሮ ጭቃ የለውም፣ ስትመጪ ጫማሽ አይበላሽም ብላለች።

ታናሽ ወንድምሽ ራንዳል

ሃርገስ ካውንቲ፣ ኬንታኪ
እሑድ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2022