እንቅልፋሙ ተሳፋሪ

ይድረስ ለአባዬ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ፣ ከአልጋ ስትወርድ አሁንም ያስቸግርሃል? እኛ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። ልጆቹ አባባ መቼ ነው የሚመጣው እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል።

እስካሁን ሳልወስድህ የቀረሁት ረስቼህ እንዳይመስልህ። ያቺ ባለ ግርማዋ ኤስዩቪ መኪናዬ ጉድ ሠርታኝ ነው። ዓመት እንኳ ሳይሞላት፣ ፍሬን ስይዝ ከኋላ ጎማዋ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች። ወደ ሻጮቹ ጋራዥ ብወስዳት የፍሬን ሸራው ሊያልቅ ነው አሉኝ። ዋስትና አላት ስላቸው፣ ሸራ አላቂ ዕቃ ነው፣ ደግሞም የጨረስሽው አንቺ ነሽ፣ ፍሬን ላይ ቆመሽ ነው የምትነጂው ብለው መለሱኝ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? ከእንግዲህ ልጆቹን እኔ ላመላልሳቸው፣ ቁልፉን ስጪኝ! ክፋት የለውም፣ ፈርቶልን ነው። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። የሰደቡት እኮ አንተ ያስተማርከኝን አነዳድ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና የጋራዡን ኃላፊ ጎኔ ተቀመጥና ስነዳ እየኝ አልኩት። ግዙፍ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ነው። ቁልቁለቱን ስንጀምር ዓይኑን ጨፍኖ ለጥ አይል መሰለህ! ሳቄ መጣ። ትዝ ይልሃል? መንዳት ስታስተምረኝ ከጎኔ ጋደም ትልና «እኔ ልተኛ ነው፤ ከቀሰቀስሽኝ አልቻልሽም ማለት ነው» ትለኝ ነበር። እንዳትነቃብኝ ብዬ ከሩቁ እግሬን ከነዳጅ ማንሳት፣ ፍሬኑንም በስሱ መንካት የለመድኩት ያኔ ነው።

ጋራዥ ስንመለስ ኃላፊው ዓይኑን ገለጠ። «የተኛሁ መሰለሽ? ዓይኔን ስጨፍን ፍሬኑ በደንብ ይሰማኛል። ያንቺ እግር ጥፋት የለበትም» አለኝ። ጎማውን ሲያስፈታው የፍሬኑ ፒስተን ተቀርቅሮ፣ እኔ እግሬን ባነሳም እሱ ሸራውን አልለቅም ብሎ ኖሯል። የፋብሪካ ጉድለት ነው አለና ሁሉንም በዋስትና አስቀየረልኝ። ተባረክ አልኩት፣ ከልቤ። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ስለ ቁልፉ ትንፍሽ አላለም።

እኔን ግን አንድ ነገር ይመላለስብኛል። ያን ሁሉ መንገድ እያንኮራፋህ ስትሄድ፣ እጅህ ከእጅ ፍሬኑ ላይ የወረደበትን ቀን አላስታውስም። አመሰግንሃለሁ አባዬ።

እሑድ እመጣልሃለሁ። ወንበሩን ወደኋላ እዘረጋልሃለሁ፣ ለጉልበትህም ትራስ ይዣለሁ። እጅህን ብርድ ልብሱ ውስጥ ክተትና አሁን የምርህን ተኛ።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣

ተኝተህ መንዳት ያስተማርካት የመጨረሻ ልጅህ