የአሪየት ማሽላ

ጋምቤላ፣ መስከረም 19 ቀን 1987 ዓ.ም.

ዛሬ ገበሬዋ አሪየት የምርምር ቢሮዬ ድረስ መጥታ ሰደበችኝ። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያፈራውን ቀይ ማሽላ ካቻምና ከማሳዋ የሰጠችኝ እሷ ናት። ዘንድሮ ባሮ ሞልቶ ማሳዋንም ጎተራዋንም ጠረገው። ያ ዘር የቀረው እኔ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነበር፤ አንድ ፖስታ።

"ዘሬን አምጣ!"

"እማማ፣ ውሃ እንዲቋቋም የሚያደርገውን ጂን እየፈለግሁበት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ለሁላችሁም የሚበቃ ዘር ይወጣል።"

"ሦስት ዓመት ምን ልብላ? ያንተን ወረቀት?"

ምርጥ በቆሎ ልስጥዎት ብላት መሬት ላይ ተፋች። "ደገኞች ሁሉን ትወስዳላችሁ። አሁን ክልሉ የኛ ነው!"

ያን ማሽላ ስፈልግ ሁለት ጊዜ ወባ ጥሎኛል። ጮህኩባት፤ በእናቴ ዕድሜ ባለች ሴት ላይ። እሷ ግን በሩ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። በመጨረሻ ፖስታውን ወረወርኩላት። ዘሩን በልብሷ ጫፍ ቋጥራ ሄደች፤ ምስጋና የለ፣ ስንብት የለ።

ይቅርታ አልጠይቃትም። የምርምሬ ግማሽ አብሯት ሄዷል።

ለአዲስ አበባው አለቃዬ "ዘሩን አይጥ በላው" ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። ከዚያ "የዘሩ ባለቤት ወሰደችው" ብዬ ጻፍኩ።