ዋስ ልሆን ሄጄ

ለምወድሽ እኅቴ ለያለምወርቅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ከአሰላ ብርድ ጋር ታርቋል ወይስ ዛሬም እየተካሰሱ ነው? ዓብይ ሥራው ሰላም ነው? ምራትሽ ዓለምሸት ደኅና ናት? ብሩኬስ ጥርሱን ነቅሎ ጨረሰ? ከጎረቤትሽ ጋር በአጥሩ የተነሣ መኮራረፋችሁን ሰምቻለሁ። ታርቃችሁ ከሆነ እሰየው፤ ካልታረቃችሁም በርቺ፣ በእኛ ዕድሜ ሰውን የሚያሞቀው ጠብ ነው። እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና አለሁ። ጥርሴ ቀንሷል፣ ምላሴ ግን አልቀነሰም፤ ልጄን ምሥራቅን ብትጠይቂያት ትመሰክራለች።

ደኅና ነኝ ብልሽም ሰሞኑን መቀመጫ አጥቼ ነው የሰነበትኩት። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ አውቶቡስ አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አማቼ ሰይፉ፣ "አባባ፣ ምንጣፉን ጨረሱት እኮ" ይለኛል። ነገሩ የኤልያና ነው፣ የምሥራቅ ልጅ። ሕፃን ሳለች ፎቶዋን ስልክልሽ፣ "ምስኪን፣ ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው" ያልሽላት።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። ኤልያና ኮሌጅ ስትማር ሁለት ብድር ወስዳለች፤ ትንሹን ከመንግሥት፣ ተለቅ ያለውን ከባንክ። አሁን ጨርሳ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ሰፈር፣ አንድ ቢሮ ገብታለች። ወንበሩ ግን የራሷ አይደለም። ባለወንበሯ ወልዳ ቤቷ ነው ያለችው። እዚህ አገር የወለደች ሴት ዓመት ያህል ታርፋለች፣ ሌላ ሰው በኮንትራት ይተካላታል። የልጃችን እንጀራ እንግዲህ አንድ የማናውቀው ሕፃን እናቱን እስኪለቃት ድረስ ነው። እኔም ሕፃኑ ጡት ለመተው እንዳይቸኩል ስጸልይ ምሥራቅ ሰምታኝ ተቆጣች።

በቅርቡ ባንኩ ለኤልያና፣ የመንግሥቱን ብድር እኛ እንዝጋልሽና ሁለቱም አንድ ላይ ይሁን፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ትከፍያለሽ፣ ወለዱም ይቀንስልሻል አላት። መልሷን እስከ ዓርብ ፈልገዋል። ምሥራቅ፣ ያቺን ትንሽ ብድር ለምን ትነካኪያታለሽ፣ ቀስ እያልሽ ለብቻዋ ጨርሻት አለች። ሰይፉ ደግሞ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብሎ ተረተ። እኔም፣ ድሩስ አንበሳ አሰረ፣ ዕዳ ሲያብር ማንን ነው የሚያስረው ብዬ ጠየቅሁት። ሰይፉም እራት አልደረሰም ወይ አለ።

ባንኩ ግን ዋስ ይፈልጋል። የምሥራቅና የሰይፉ ስም በቤታቸው ብድር ተይዟል። የተረፈው ንጹሕ ስም የኔ ሆነ። ኤልያና አጠገቤ ተቀምጣ፣ "አባባ፣ አንተ ሳይን ብቻ ነው የምታደርገው፣ ምንም አትከፍልም" አለችኝ። በዚህ ቤት አንተ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት፤ አንቱታውን አላስተማርናትም፣ እኔም ሳልነግራቸው ወድጄዋለሁ። ታውቂኛለሽ፣ ዋስ ሁነኝ ያለኝን ሰው መልሼ አላውቅም። "የጋሼ ስም የወረዳ ማኅተም ሆነ፣ ያገኘው ሁሉ ያትመዋል" እያልሽ ትስቂብኝ የለ።

ማክሰኞ ዕለት ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። ዋስትና ያለ እማኝ አያምርምና ሁለት እማኞች ይዤ ሄድኩ፤ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ግሮሰሪ ያለው ወዳጄ ዙበይርና ከታች ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ አሰፋሽ። ኤልያና ባንኩ በር ላይ ሦስታችንን ስታይ፣ "አባባ፣ ዋይ?" አለች፤ በእንግሊዝኛ ለምን ማለቷ ነው። የባንኩ ሠራተኛ ወንበር ከየቢሮው ስትለቅም ቆየች። እማኝ አያስፈልግም ብትልም ዙበይር፣ "ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት፣ ሳልሰማ አልሄድም" አለ። ውል ደግሞ ለእማኝ ሳይነበብ እማኝ የለም። ስለዚህ ኤልያና ወረቀቱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እያዞረች ልታነብልን ግድ ሆነ።

አማርኛዋን ስልክ ላይ ሰምተሽዋል፤ ዳገት እንደሚወጣ ጋሪ ነው። አንዱን አንቀጽ ጀምራ ትመለሳለች፣ ወይዘሮ አሰፋሽ "አልገባኝም ልጄ፣ ድገሚው" ይላሉ። ለእኛ ስትደጋግምልን ግን ልጅቷ ራሷ መስማት ጀመረች። ተበዳሪው ካልከፈለ ዋሱ ሙሉውን ይጠየቃል የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ። ዙበይር ጉሮሮውን ጠረገ። ወይዘሮ አሰፋሽ፣ "ሥራሽ ቢያልቅስ?" አሏት። ይህንኑ ሠራተኛዋን ብትጠይቃት፣ ክፍያው ይቀጥላል አለች፤ አልደበቀችም። የመንግሥቱ ብድር ግን ሥራ የጠፋ እንደሆነ፣ አመልክታ ከፈቀዱላት፣ ክፍያው ጋብ ይልላታል። ይህን ለኤልያና ኮሌጅ ሳለች ነግረዋት ረስታው ኖሮ አሁን ትዝ አላት። ከባንኩ ጋር ከተቀላቀለ ያ ምሕረት አብሮ ይቀራል።

ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርም እንድትለኝም እንዳትለኝም እፈልግ ነበር። ብትለኝ እፈርማለሁ፣ ከዚያ ያንን ሕፃን ዕድሜ ልኬን ስጠብቅ መኖሬ ነው። እምቢ ብላት ደግሞ አያቴ አላመነኝም ትላለች። እሷ ግን ወረቀቱን አጥፋ፣ "ላስብበት" ብላ ተነሣች። ዙበይር እስከ ባቡሩ ድረስ፣ ሱቄን በከንቱ አዘጋኸኝ እያለ አጉረመረመብኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው መቀመጫ ያጣሁት። አትደውልም። ሽማግሌ አሰልፌ አሳፈርኳት ይሆን እላለሁ፤ ወይስ ሌላ ዋስ አገኘች እላለሁ፣ በዚህኛው ደግሞ እቀናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት መጣች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። "ትንሹን እዛው እተወዋለሁ፣ ለብቻው እከፍላለሁ" አለችኝ። ወለዱስ ብላት፣ "ትንሽ ይበልጣል፣ ይብለጥ" አለች። እንደ ሙሉ ልብሴ ተተኩሶ የተዘጋጀው ስሜስ ብዬ ቀለድኩባት። "አልፈልገውም" አለች። ክው ማለቴን ሳታይ አልቀረችም፤ "እኔ ብወድቅ፣ አንተ ላይ መውደቅ አልፈልግም" አለችኝ። ግንባሬን ስማኝ ወደ አውቶቡሷ ሮጠች።

ይህን ስጽፍልሽም ደጋግሜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። በሕይወቴ ዋስ ሁነኝ ያለኝ ብዙ ነው፤ አትሁነኝ ብሎ የማረኝ ሰው ግን እሷ ብቻ ናት። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ፣ ገና አልለየሁም።

ዓብይን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ዓለምሸትን፣ አንቺን ችላ ስለኖረች ጽድቋ አይቀርም በያት። ብሩኬን አቅፈሽ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ምሥራቅና ሰይፉ እጅ ነሥተዋል። ኤልያና ቸኩላ ስለነበር ሰላምታ አልላከችም፤ ለሰላምታዋ ግን እኔ ዋስ ነኝ።

ወንድምሽ ወልደ ሚካኤል
ኢስት ዮርክ፣ ቶሮንቶ
ጥቅምት 16 ቀን 2004 ዓ.ም.