የዘቦቹ ድርሻ ትራፊ ተብሎ ስለመመዘኑ

ለተከበሩ ሻለቃ ሰውአገኝ
የካምፑ መመገቢያ አዳራሽ ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ የወገራ ብርድ ሳይነካዎ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲቆዩልን እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ወታደሮችዎን ለማስተማር ወደ ካምፑ እመጣለሁ። ምሳዬንም ከእነርሱ ጋር እንድበላ ስለፈቀዱልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ይህን ጉዳይ በጥር ወር በግል ጽፌልዎ ነበር፤ ያለ መልስ በመቆየቴ ትዕግሥቴ ስለዳበረም አመሰግናለሁ። ያየሁትን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በዚህ ዕድሜዬ ያለ መነጽር የእንጀራውን ዓይን ከወጡ ሥር አጥርቼ ለማየት የቻልሁት በአዳራሽዎ ብቻ ነው።

፪. የምሳ ማብቂያ ፊሽካ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ይነፋል። ምግቡ በአሥረኛው ደቂቃ መድረሱ ፊሽካውን አንድም ቀን አላዘገየውም።

፫. ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። ለአንድ ትሪ ስምንት ወታደር ይመደባል። ሁለቱ ዘብ ላይ ስለሚሆኑ ለምሳ የሚቀመጡት ስድስት ናቸው። ስድስቱም የሁለቱን ድርሻ ወደ ትሪው ዳር ገፍተው፣ በእንጀራ ሸፍነው ይበላሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ አስተዳደጋቸው ነው። ፊሽካው ሲነፋ ግን ትሪው ይነሣል፤ የዘቦቹ ድርሻም ሚዛን ላይ ወጥቶ «ትራፊ» ተብሎ ይመዘገባል። «ሠራዊቱ ጠግቦ ሩቡን ይመልሳል» የሚል ሪፖርት ስለቀረበልዎም የአንድ ትሪ እንጀራ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ሁለት እንዲወርድ አዘዙ። ልጆቹ ከአሥራ ሁለቱም ሩቡን ለዘቦቹ አስቀመጡ። ሪፖርቱ ዳግመኛ ጠግበዋል አለ፤ ዛሬ ዘጠኝ እንጀራ ላይ ደርሰናል። በመጪው ወር ስድስት ከሦስት አራተኛ እንደሚሆን፣ እርስዎ እንዳይደክሙ አስልቼልዎታለሁ።

ምንም ሳታስተርፉ ብሉት ብዬ ልጆቹን መክሬያቸው ነበር። መዝሙር የሚባል የሳንጃ ከተማ ልጅ፣ «ምነው አያ፣ ጓዴ ብርድ ላይ ቆሞ የሱን ድርሻ ልጉረስ?» አለኝ። አርባ ዓመት ያስተማርሁት ሒሳብ ለዚህ መልስ የለውም።

፬. ባለፈው ወር ለጉብኝት የመጡት እንግዶች ከቀረበላቸው ጥብስ ግማሹን ትተው ሄደዋል። ያን ዕለት ሚዛኑ የት እንደነበረ ለማወቅ ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፤ የመጪው ወር ቅነሳ እንዲቀርና የዘቦቹ ድርሻ ተከድኖ እስኪመለሱ ማእድ ቤት እንዲቆይ። ክዳን ከጠፋ ከቤቴ አመጣለሁ።

ስላደረጉልን ሁሉ፣ ስላላደረጉልንም ጭምር፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ፣ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ

መምህር ወልደኢየሱስ አወቀ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ዋና ቅጂ እንዲያደርስልኝ ለበሩ ዘብ ሰጥቼዋለሁ። ወደ ቢሮዎ የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ ቢዘገይ አይቆጡት። ምሳ አልበላም፤ በሪፖርቱ ግን ጠግቧል።