ያልደረቀው ቫርኒሽ

ልጄ ሰሚሐ፣ አላህ በሰው አገር ሞገስ ያልብስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ጣናም ባለበት ነው።

የአባትሽን የዋንዛ ወንበሮች ጥዬ ሶፋሽን እንድቀበል የላክሻቸው ሽማግሌዎች መጡ። እንደሚመጡ ሰምቼ ስለነበር፣ ወንበሮቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ በጠዋት ቫርኒሽ ቀባኋቸው። መቼም ሽማግሌ ሳይቀመጥ የመጣበትን አይናገርም።

«የት እንቀመጥ?» አሉ ሐጂ ሳዲቅ።

«አልደረቀም ሐጂ፣ ጀለቢያዎን ይይዝብዎታል» አልኋቸው።

«ምንጣፉስ?»

«ታጥቦ ገመድ ላይ ነው።»

ቆመው ዱዓ አድርገው ሄዱ። ወንበሮቹ አሁን እንደ መስታወት ፊት ያሳያሉ።

አላህ እንደ ዋንዛ ምስጥ የማይደፍርሽ ያድርግሽ። ሶፋውን ተይውና ጥሩ ብሩሽ ላኪልኝ፤ ሽማግሌ ከደገምሽ እኔም ቫርኒሹን እደግማለሁ።

እናትሽ መሪየም፣ ከባሕር ዳር