ጠዋት ልክ፣ ቀትር ላይ ጠባብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ብስኩቱን ከምድጃው የሚያወጣው ቺንጋ ዛሬም ጮኸ። ጠዋት ዝም፣ ምድጃው ሲግል ኡኡታ። ብስኩት አሻጊዎቹ ጆሯቸውን ይዘው እኔን ያያሉ። ለምን አያዩኝ? "ከነሐሱ ቀለበት የሚንጠባጠበው ዘይት ብስኩቱን አበላሸ፤ የቺንጋው ዘንግ በፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ ይዙር፣ ፕላስቲክ ዘይት አይፈልግም" ያልኩት እኔ ነኝ! በሦስት ሳምንት ሁለት ዙር ቀለበት ተበላ። ሥራ አስኪያጁ "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ወደ ነሐሱ እንመለሳለን" አለ። እዚህ ፋብሪካ ከገባሁ የመጀመሪያ ሐሳቤ ነበር እኮ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ቀለበቶቹን ቶርኖ ላይ የሚቀርጹት ጋሽ ሚሊ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር ከሰው ስለሚጣሉ። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ "ስንት ላድርገው?" ብለው ማንንም ጠይቀው አያውቁም። ፈራ ተባ እያልኩ፣ "ጋሼ፣ ልኩ ትንሽ ስቶ ይሆን?" አልኳቸው።
"የኔ ልክ? ነይ ለኪ!"
ለካሁ። ፀጉር አያስገባም። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ሦስተኛው ዙር ገባ። ጠዋት ፀጥ። ስምንት ሰዓት ላይ... ኡኡ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
አንዱን ቀለበት ፈትቼ አየሁት። ውስጡ እንደ ሰም ለስልሶ ተልጧል። ቆይ... የምንለካው ሁልጊዜ ጠዋት፣ ቀዝቃዛው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ምድጃው አጠገብ ማን ለክቶ ያውቃል? አዲስ ቀለበት ከነብረት ማቀፊያው፣ ከቁራጭ ዘንግ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
እማዬ እስክትወጣ ጠብቄ በትልቁ ድስት ቀቀልኩት! ሳይሞቅ ዘንጉ በጣት ግፊት ይገባ ነበር። ከተቀቀለ በኋላ እምቢ! ፕላስቲኩ ሲሞቅ ያብጣል፤ ከውጭ ብረቱ ስለያዘው ወደ ውስጥ ያብጥና ዘንጉን ያንቃል። ፍትጊያው ይብሳል፣ ፍትጊያው መልሶ ያሞቀዋል፣ የሞቀው ይለሰልሳል፣ የለሰለሰው ይበላል። ኩሽናው ውስጥ ብቻዬን ስዘል እማዬ ከች።
"ድስቴ ውስጥ ምንድን ነው?"
"ብረት።"
"ጨው ጨመርሽበት?"
ሦስቴ አሳጠበችኝ። ደስ ብሎኝ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ወርክሾፕ ውስጥ ጋሽ ሚሊ ፊት ደግሜ ቀቀልኩት። ዘንጉን ራሳቸው ገፉት። ገፉት... አልገባም።
"ነሐስ እንዲህ አያደርግም" አሉ።
"ነሐስ ጨዋ ነው ጋሼ። ይሄኛው ሲሞቀው ቦታ ይፈልጋል። ሰፋ ቢደረግስ?"
"የሚንቀጫቀጭ ሥራ ከኔ እጅ? ሞቼ ነው ቆሜ!"
ጥለውኝ ወጡ። አስቀየምኳቸው መሰለኝ። ከቀለበቱ ይልቅ እሱ ከነከነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ስምንት ቀለበት! ሁሉም ሰፋ ሰፋ ያሉ። ጋሽ ሚሊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ማን ሠራው ካሉሽ እኔን እንዳትጠሪ" አሉ።
ገጠምነው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ... አሻጊዎቹ በሳቅ ፈረሱ። "ጥርሱ ወልቋል!" ጋሽ ሚሊ ከወርክሾፕ አልወጡም። አራት ሰዓት ላይ መንቀጫቀጩ ቀነሰ። ስድስት ላይ ጠፋ። ስምንት ላይ ምድጃው እየነደደ ቺንጋው ፀጥ ብሎ ይሄዳል! ጋሽ ሚሊ መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ።
"ማን ነው የሠራው?" አለች አንዷ አሻጊ።
"እኔ ነኛ!" አሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ፈትተን ለካን። ቀለበቶቹ የተበሉት ለዓይን አይሞላም። ሥራ አስኪያጁ ለነሐሱ አስወጥቶት የነበረውን የዘይት ጣሳ ወደ መጋዘን አስመለሰ። ለሁለተኛው ምድጃም ቀለበት ታዘዘ።
ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ገባሁ። ጋሽ ሚሊ ፕላስቲኩን ቶርኖው ላይ አስረው ቢላዋውን አስጠግተዋል። ማሽኑን አጠፉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።
"ስንት ላድርገው?"
ማንን እንደጠየቁ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።